ኮሌጅ ነው የገባው

የ10ኛ ክፍል ውጤቴ 1.86 ነው። ነበር አልልም፤ ዛሬም ነው። 22 ዓመት አልፎታል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን በቃሌ አላውቀውም፤ የልጄን ልደት ሚስቴ ካላስታወሰችኝ ይጠፋብኛል። ይሄ ቁጥር ግን ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም። 1996 ዓ.ም.፣ ስድስት ሲ፣ አንድ ዲ። ያቺ ዲ ሲ ብትሆንልኝ ኖሮ ድፍን 2 ይመጣ ነበር። ዲዋ የፊዚክስ ናት።

የዚያን ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና አለ። ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ ይገባል፤ ከዚያ 12ኛ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ነጥብ ያልመጣለት ቴክኒክ ይገባል። ቴን ፕላስ ዋን፣ ቴን ፕላስ ቱ፣ ቴን ፕላስ ስሪ ይባል ነበር። ትምህርት ሳይሆን የሒሳብ የቤት ሥራ ነው የሚመስለው። እኔ ቴን ፕላስ ስሪ ደረሰኝ፤ ማሽን ሾፕ።

ደረሰኝ ነው ያልኩት። መረጥኩ አላልኩም። ፎርም ሞልቼ ነበር፣ አዎ። አንደኛ ምርጫ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ፣ ሦስተኛ ላይ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ማሽን ሾፕ ጻፍኩ። ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ሱቅ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ያን መስከረም የዋሸችውን ውሸት አልረሳውም። ውሸት እንኳ አይባልም። ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ ተሰብስበዋል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ ነው። አንዷ ጠየቀች፤ «ልጅሽ እንዴት ሆነልሽ?»

«ኮሌጅ ነው የገባው» አለች እናቴ።

«እሰይ! የት ነው?»

«እዚሁ አዲስ አበባ።»

ከዚያ ወሬውን ወደ ዘይት ዋጋ አዞረችው። እኔ በረንዳ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ሰማኋት። ኮሌጅ ነው የተባለውም እውነት ነው፤ በሩ ላይ ኮሌጅ ተብሎ ተጽፏል። «ቴክኒክ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የዋጠቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጠቻት።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ወር እህቴ ቤት የሆነ ነገር ነው። ልጇ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት፤ በተለይ ሒሳብ። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ካለ እሷ ጋ ነው የሚሄደው። የእህቴን ምጣድ ሁለት ጊዜ ፈትታ ሠርታዋለች። አሁን የ10ኛው ፈተና ቀርቷል፤ ግን 11ኛ ሲገባ ናቹራልና ሶሻል መለየት አለ። ምሳ በልተን እንደጨረስን ጠጋ ብላ «አጎቴ፣ ናቹራል ልግባ ሶሻል?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «ቴክኒክ ብገባስ?»

እህቴ ወጥ ቤት ነበረች። ዕቃ እያጠበች ነው፤ ቧንቧው ክፍት ነው። ሰማች ግን።

«ምን ሆና ነው ቴክኒክ የምትገባው? ውጤቷ እኮ ጥሩ ነው!»

ምን ሆና ነው። ይህን አባባል ልብ በሉት። ሰው ሆስፒታል ገባ ሲሉን ነው «ምን ሆኖ?» የምንለው። እስር ቤት ገባ ሲባልም «ምን አድርጎ?» ይባላል። ቴክኒክ በእህቴ አፍ ከሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ላይ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ እናቴም ያው ናት፤ እኔም ራሴ ለዓመታት ያው ነበርኩ።

ከእጅ ሥራ ጋር ያለን ጠብ የቆየ ነው ይባላል። እውነት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ ስንል ኖረናል። በእሱ ማረሻ እያረስን፣ በእሷ ምጣድ እየጋገርን። ነገሩ ቤተ መንግሥት ድረስ ደርሶ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ሰው በአዋጅ ስድብ ያቆማል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሁሉንም በዚህ ማሳበብ ግን አይዋጥልኝም። ምክንያቱም ቴክኒክ የሚያኮራበት ጊዜ ነበር። ሜክሲኮ ያለው ተግባረ ዕድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን በወጣ ማግስት ማለት ይቻላል። አገር ሊሠራ ነው፤ ሠራተኛ የለም። በዓመቱ ኮሜርስ ተከተለ። የባሕር ዳሩ ፖሊ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. መጣ። ሰፈራችን አንድ የተግባረ ዕድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቴሌ ሠርተው ጡረታ የወጡ። «እኔ የተግባረ ዕድ ልጅ ነኝ» ሲሉ ከረባታቸውን ነካ ያደርጋሉ። ከረባት ባያደርጉም ነካ ያደርጋሉ። ተፈትነው ነው የገቡት። ወድቀው አይደለም።

ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው። እጁ ያው እጅ ነው፤ ሞረዱም ያው ሞረድ ነው። የተለወጠው በሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል ላይ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ ቀሪው ሙያ ይያዝ ነው ነገሩ። ሲሠራበት ግን ልጆቹ በፍላጎት ሳይሆን በነጥብ ተለዩ። ከላይ ያለው ተወሰደ፣ የተረፈው ቴክኒክ ተላከ። «የተረፈ» የሚባል ልጅ የተላከበት ቤት ደግሞ ምንም ቢያስተምር የተረፈ ቤት ይሆናል።

ካላመናችሁኝ አየር መንገዱን እዩ። የአውሮፕላን ጥገና የሚማር ልጅ ምንድነው የሚሠራው? ቡሎን ይፈታል፣ ቡሎን ያጠብቃል፣ እጁ ዘይት ይነካል። መካኒክ ነው። ግን እናቱ ቡና ላይ ቃሉን ትውጣለች? ኧረ በፍጹም! ዩኒፎርሙን አልብሳ ፎቶ አንስታ ሳሎን ትሰቅለዋለች። ምክንያቱም እዚያ ለመግባት ውጤትም ፈተናም አለ፤ ተወዳድሮ ነው የሚገባው። ጋራዥ ያለውን መካኒክና ይሄኛውን የሚለየው የዘይቱ ዓይነት አይደለም።

አሁን ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግራ ያጋባል። የ10ኛው ፈተና ሲቀር ማጣሪያው ወደ 12ኛ ሄደ። 12ኛን ምን እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ ማለት ነው «የወደቀ» ተብሎ ቤቱ የገባው። የሰፈሬን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ከፊሉ ሬሜዲያል ገብቶ እንደገና ሞከረ። ከፊሉ በግል ተፈተነ። ከፊሉ ባጃጅ ላይ ነው። ቴክኒክ የገቡት በ19 እና በ20 ዓመታቸው፣ ሁለት ጊዜ ወድቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ወድቄ በ16 ዓመቴ ገባሁ፤ ዕድለኛ ነበርኩ ማለት ነው።

ስለ ገባሁበት ቤት ትንሽ ላውራ።

የኛ ሾፕ ውስጥ ሦስት ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን፣ ነበር። አንዱ ይሠራል። አንዱ «ዕቃ ታዟል» ተብሎ በሸራ ተሸፍኗል፤ እስክንመረቅ ሸራው አልተነሳም። ሦስተኛው የሚነሳው እንግዳ ሲመጣ ነው። ተማሪው 40 ነን። አስተማሪያችን ልበ ቅን ሰው ነበሩ፤ ግን በአንድ ማሽን 40 ልጅ ምን ያደርጋሉ? በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በልጅ ሩብ ሰዓት። አንዱ ሲሠራ 39ኙ ያያል። መጀመሪያ አካባቢ እናያለን፤ ኋላ ኋላ ስለ ኳስ እናወራለን። የቀረውን ጊዜ ሞጁል እንገለብጣለን። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ኑት፣ ቦልት፣ ቤሪንግ፣ ቫይስ። ትርጉሙን ሸምድደናል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ልምምድ ወጣን። አንድ ድርጅት ተላክሁ። ሦስት ሳምንት ሻይ አመላለስኩ፤ አንድ ቀን መጋዘን ጠረግሁ። ማሽኑን ከሩቅ አየሁት። አሁን 70 በመቶው ሥልጠና ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ይሁን ይባላል፤ የትብብር ሥልጠና ይሉታል። ከጀርመን የተቀዳ መልክ አለው። ጀርመን አገር ግን ልጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፤ እየተማረ ወር በወር ይከፈለዋል፤ ድርጅቱም ሊያሠለጥነው ይገደዳል። እኛ ቁጥሩን ወሰድን፣ ውሉን ተውነው። ውል የሌለው ልጅ ሻይ ያመላልሳል።

ከዚያ ድርጅት ያወጣኝ አጋጣሚ ነው። የአክስቴ ባል ጎጃም በረንዳ አካባቢ ቶርኖ ቤት ያላቸው ሰው ያውቅ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ዛሬም። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጋሼ ከማሽኑ ቀና ሳይሉ «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» አሉኝ። ጠረጴዛውን አየሁት። ሃያ ዓይነት ዕቃ አለ። ኩሽኔታ ምንድነው? ዝም ብዬ ቆምኩ።

«ምን ተማርክ አልከኝ?»

«ማሽን ሾፕ።»

«ኩሽኔታ አታውቅም?»

አላውቅም። ቤሪንግ ነው እኮ! የሚሽከረከር ሻፍት፣ ማለትም ዘንግ፣ የሚገባበት ቀለበት። ሦስት ዓመት የሸመደድኩት ቤሪንግ፤ ዓይነቱን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን በእንግሊዝኛ ልጽፍላቸው እችል ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ አላወቅኩትም። ለካ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ሾፑ ጣሊያንኛ። ኑቱ ዳዶ ነው፣ ቦልቱ ቡሎን፣ ቫይሱ ሞርሳ። ስክሩድራይቨሩ ካቻቢቴ፣ መብሻው ትራፓን፣ የመብሻው ጫፍ ፑንታ። ጣሊያን በ1933 ተባረረ፤ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ይህን የሚያስተምር ሞጁል እስከዛሬ አላየሁም። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ደግሞ ሾፕ ውስጥ ሥራ የማያውቅ ነው የሚመስለው።

ጋሼ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማሩት። ግን ያን ቀን ከሰዓት ፊዚክስን ያህል የከበደኝን ነገር በአምስት ደቂቃ አስረዱኝ። ኩሽኔታው ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 6208። «መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ስንት ናቸው?» ዜሮ ስምንት። «በአምስት አባዛው።» አርባ። «ሻፍቱ አርባ ሚሊ ነው ማለት ነው። አልለካሁትም እኮ! ቁጥሩ ነገረኝ።» ካሊፐሩን ሰጡኝ፤ ለካሁት። አርባ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልበላችሁ፤ ሰው በሽሹክታ ምስጢር የነገረኝ ያህል ነው። 6205 ቢሆንስ? 25። 6210? 50። እስከ ማታ መንገድ ላይ በሐሳቤ ኩሽኔታ ሳባዛ ሄድኩ። «ቀለም አይገባውም» የተባልኩት ልጅ።

ይቺ አባባልም መነሳት አለባት። ልጁ ቀለም ካልገባው «እጁን ይጠቀም» ይባላል። እጅ ያለ ጭንቅላት የሚሠራ ይመስል! ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ያካፍላል፣ ያባዛል። ቡሎን ላይ ክር የሚያወጣ ሰው የማርሽ ጥርስ ይቆጥራል። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው የኦምን ሕግ የማያውቅ እንደሆነ ቤት ያቃጥላል። የኔ ዲ የፊዚክስ ናት ብያችኋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን የበላሁት ግን በፊዚክስ ነው።

እና ለእህቴ ልጅ «ግቢ» አልኳት? አላልኩም። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያስቸግረኝ።

ማታ ቡና ላይ ከእህቴ ጋር ተከራከርን። ጋሼን፣ ኩሽኔታውን፣ የአውሮፕላን መካኒኩን ሁሉ አወራሁላት። በትዕግሥት ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«አንተ ታዲያ ማታ ማታ ሄደህ ማኔጅመንት የተማርከው ለምንድነው?»

አፌን አዘጋችው። ልክ ናት። ዛሬ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነኝ። ሰባት ዓመት ማሽን ጠግኜ እድገት ሲወጣ «ዲግሪ» ተባለ። ምን ዓይነት ዲግሪ? ማንኛውም። አራት ዓመት በኤክስቴንሽን ማኔጅመንት ተማርኩ፤ ከሥራ በኋላ ከነ ቱታዬ ሄጄ፣ ኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋሁ። ዲግሪውን ሳስገባ አለቃ ሆንኩ። አሁን ከብረት ይልቅ ወረቀት የምነካበት ቀን ይበዛል። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ላይ የተሻልኩ ነበርኩ።

እህቴ ያላለቻቸው ሌሎችም አሉ። ቴክኒክ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ሞልቷል። «ተደራጁ» ይባላሉ፤ አምስት ሆነው የመሥሪያ ሼድ ይጠብቃሉ፤ ሼዱ ሲመጣ ብድሩ ይዘገያል፤ ብድሩ ሲመጣ አንዱ አረብ አገር ሄዷል። ሲኦሲ አለ፤ የብቃት ምዘናው። በየደረጃው ተመዝነህ ማለፍ አለብህ፤ ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ልሂድ ካልክም የሲኦሲ ወረቀትህን ይጠይቁሃል። ጥሩ ነገር ነው፤ ቢያንስ ወረቀቱ አንድ ነገር መሥራት ትችላለህ ይላል። ማሽን ሳይነካ ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ግን ምዘናው ላይ ማሽኑን ሲያይ ይደነግጣል። የምዘናው ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ «ቴክኒክ ግቢ፣ ያልፍልሻል» ብላት ዋሽቻታለሁ። «ተዪው፣ ዩኒቨርሲቲ ይሻልሻል» ብላትም ዋሽቻታለሁ፤ ተመርቀው ቤት የተቀመጡትን እሷም ታውቃቸዋለች። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ይቺ ልጅ 16 ዓመቷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ልትሠራው የምትችለውን ሥራ አንዱንም ገብታ አላየችም። 8ኛ ክፍል ሆና የሙያና ቴክኒክ የሚባል ትምህርት ገብቶ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ያመጣው ነው። ደስ ብሎኝ መጽሐፏን ገለጥኩት፤ ጥሩ ነገር አለበት። «ምን ሠራችሁ?» ብላት «ኖት ጻፍን» አለች። መሣሪያ የለማ። ዋና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደመማር ነው።

ናቹራል ወይስ ሶሻል ብለን ስንጠይቃት ስለ መጽሐፍ ነው የምንጠይቃት። ስለ ሥራ ማንም አልጠየቃትም። ነርስ ቀኑን እንዴት ትውላለች? ሰርቬየር ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት ይቆማል? የሆቴል ምግብ አብሳይ ሌሊት ስንት ሰዓት ይነሳል? የሶላር ቴክኒሻን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? የምትመርጠው እነዚህን እኮ ነው፤ ፊዚክስና ጂኦግራፊን አይደለም። እኔ ማሽን ሾፕ ሱቅ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ከኔ የተሻለ አታውቅም፤ ከ22 ዓመት በኋላ።

ለእህቴ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሦስት ቀን ስጪኝ አልኳት። አንድ ቀን የነርስ ጓደኛችን ጋ፣ አንድ ቀን ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወዳጄ ጋ፣ አንድ ቀን ጋሼ ጋ። «ቆሽሻ ነው የምትመጣው» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አሮጌ ልብስ ትልበስ» አለች። ፈቃድ ነው።

የነርሷ ቀን አጭር ሆነ። ደም ስታይ ልጅቷ ተቀመጠች፤ ይህም መልስ ነው፣ በአንድ ጠዋት የተገኘ። የኤሌክትሪኩ ደስ ብሏታል፤ ገመድ ግድግዳ ውስጥ ስትስብ ውላ ማታ እጇ አብጦ መጣች፤ እያሳየች ትስቃለች። ሦስተኛው ቀን ጎጃም በረንዳ ሄድን።

ጋሼ አርጅተዋል። ቶርኖው ግን ያው ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ እጀታው ጋ ተልጦ ብረቱ ያበራል። የዚያን ቀን ከአንድ ወፍጮ ቤት የመጣ ሻፍት ነበር፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ፣ በብየዳ ተሞልቶ፣ መላጥ የሚጠብቅ። ጋሼ ኩሽኔታውን ለልጅቷ ሰጧት። አገላበጠችው። እኔ ልነግራት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ቁጥሩን አንብቢ።»

«6208።»

«ሁለቱን የመጨረሻ በአምስት አባዢ።»

«አርባ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

ጋሼ ቀጠሉ። ሻፍቱ ድፍን አርባ ከሆነ አይበቃም፤ አንድ መቶኛ ሚሊ ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ኩሽኔታው በግድ፣ ተመትቶ፣ ጥብቅ ብሎ ነው የሚገባው። ላላ ካለ እየተሽከረከረ ሻፍቱን ይበላዋል። አንድ መቶኛ ሚሊ ስንት ነው? ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር አስነቀሏትና በማይክሮሜትር አስለኳት። ሰባት መቶኛ ገደማ። «የፀጉርሽ አንድ ሰባተኛ ነው የምንፈልገው» አሏት። ልጅቷ ፀጉሯን ይዛ ቀረች።

እኔም ጉራ መጣብኝ። ልጅቷ እያየች ነው፤ ጋሼ ደክመዋል። «ጋሼ፣ እኔ ልጨርሰው» አልኩ። ገፍተው አልከለከሉኝም። ጃኬቴን አውልቄ እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ማሽኑ ተነሳ። ብረቱ እየተጠቀለለ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ የሚሸተው ሽታ ሁሉ ነገሬን መለሰልኝ። አንዴ ላጥኩ፤ ለካሁ። ሁለተኛ። ሦስተኛዋን ቀስ ብዬ ገባሁባት፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ቀስ ብዬ። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ለኪው» አልኳት።

ማይክሮሜትሩን ጋሼ እንዳሳዩዋት ያዘችው። ጠመዘዘች። ዓይኗን አጠበበች።

«አጎቴ፣ 39.96 ነው።»

«እንደገና ለኪ።»

ለካች። «39.96።»

ጋሼ ምንም አላሉም። ኩሽኔታውን አንስተው ሻፍቱ ላይ አደረጉት። ያለ ምንም ትግል እንደ ቀለበት ተንሸራቶ ገባ። በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

«ቶርኖ ከነካህ ስንት ዓመት ሆነህ?»

«ቆየሁ ጋሼ።»

«ያስታውቃል።»

ልጅቷ ሻፍቱን በሐዘን ታየዋለች። «አሁን ይጣላል?» አለቻቸው።

«ለምን ይጣላል?» አሉ ጋሼ፤ የምር ገርሟቸው። «ዛሬ ማታ በብየዳ ይሞላል። ነገ እንደገና ይላጣል።»

«ነገ ልምጣ?»

«ሁለት ሰዓት ድረሺ። ፀጉርሽን ሻሽ አስሪበት፤ ማሽኑ ይይዘዋል።» ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ። «አጎትሽን ቢሮው ተዪው።»